ፌሪንጉ ከወለቀ ወዲህ ሞተሩ ሀይዌይ ላይ ይንተፋተፋል፤ ምን ነካው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ1998 ካዋሳኪ ዜድኤክስ-6አር ሞተር ሳይክል ገዛሁ፣ ባለ ካርቡሬተር ነው። የቀድሞው ባለቤት ጥሎት ፕላስቲኩ ስለተሰባበረ ፌሪንጉን፣ ማለትም ባይኩን ከፊትና ከጎን የሚሸፍነውን ፕላስቲክ፣ በሙሉ አውልቄ ክብ የፊት መብራት አስገጠምኩለት። አፍንጫው ላይ የነበሩትን ሁለት ትልልቅ የአየር ቱቦዎችም የሚይዛቸው ነገር ስላልነበረ አወጣኋቸው። ከተማ ውስጥ ቆንጆ ነው የሚሄደው። ሀይዌይ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሼ ጋዙን እኩል ስይዝ ግን ቤንዚን እንዳለቀበት ይንተፋተፋል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። ነፋስ ሲኖር ይብስበታል። ቤይ ብሪጅ ላይማ መሀል ድልድይ ሊያስቀረኝ ነበር። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር አሳጠብኩ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። ጋራዥ ዳይኖ (ባይኩ ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ አውጥተው ‹ምንም የለበትም› አሉኝ። ዴንቨር ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ጂግለር ቀይር፣ እኔም ቀይሬ ነው የተስተካከለልኝ› ይለኛል። ለመሆኑ ፌሪንግን ከሞተር ጋር ምን አገናኘው? ረስቼው፣ ከታንኩ ስር ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች የትም ሳይገቡ ተንጠልጥለው አይቻለሁ።»

ሰላም ወንድሜ። ረስተሃት የነበረችው የመጨረሻዋ ነገር ናት ዋናዋ። እነዚያ ሁለት የተንጠለጠሉ ቱቦዎች ትርፍ አይደሉም፣ የካርቡሬተሮችህ መተንፈሻዎች ናቸው። ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት እነሱን አስተካክል። ከነገርከኝ ምልክት ተነስቼ ስገምት ችግርህ እዚያው ነው፣ ቢያንስ ትልቁ ክፍል።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትንሽ ረዘም ይላል። ካርቡሬተር ቤንዚኑን በኃይል አይረጨውም። ከስሩ አንዲት ትንሽ ሳህን አለች፣ ቤንዚኑ እዚያ ተኝቶ ይጠብቃል። ሞተሩ አየር ሲስብ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ላይ ግፊት ይወርዳል፣ ሳህኗ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ባለበት ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ነው ቤንዚኑን በጂግለሩ፣ ማለትም ቤንዚኑን በምትመጥነው ትንሽ ቀዳዳ፣ በኩል ወደ ላይ የሚገፋው። ሌላ ጉልበት የለውም። ሳህኗ ዝግ ብትሆን ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ ውስጧ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ፍሰቱ ይቆማል፣ ስለዚህ መተንፈሻ ተሠራላት። መተንፈሻዋ የምታየው ግፊት ሲቀየር ሞተሩ የሚያገኘው ቤንዚንም ይቀየራል። አንተ ጋዙን ባትነካውም።

አሁን ወደ ባይክህ እንምጣ። ዜድኤክስ-6አር ራም ኤር ያለው ነው፣ ማለትም ነፋሱን በአፍንጫው ተቀብሎ በቱቦ ወደ አየር ሳጥኑ፣ ካርቡሬተሮቹ አየር ወደሚስቡበት ሳጥን፣ ይገፋዋል። ካዋሳኪ ይህን ነገር ይዞ ለገበያ የወጣው በ1990 በዜድኤክስ-11 ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስፖርት ባይኮቹ ላይ አስፋፋው። ሳጥኑ ውስጥ ግፊት ከጨመርክ ደግሞ ሳህኖቹ ላይም ያንኑ ያህል መጨመር አለብህ፣ አለበለዚያ ከላይ ያለው አየር ቤንዚኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካው የሳህኖቹን መተንፈሻ ከዚያው ከራም ኤሩ አየር ጋር የሚያገናኘው። ሳጥኑ ሲጫን ሳህኑም ይጫናል፣ ልዩነቱ ባለበት ይቆያል። ፌሪንጉና ቱቦዎቹ ሲወልቁ ይህ ሁሉ ፈረሰ። ሳጥኑ ከአንድ ቦታ ይተነፍሳል፣ ሳህኖቹ ከሌላ ቦታ።

«ትንሽ ነፋስ ይህን ያህል ያደርጋል ወይ» ትለኝ ይሆናል። በ110 የሚመጣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲያርፍ የሚፈጥረው ግፊት 560 ፓስካል ገደማ ነው። ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ስታወዳድረው ግማሽ በመቶ ትንሽ አለፍ ይላል፣ ለሞተር ጉልበት ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ «ራም ኤሩ ስለሌለ ነው ጉልበት ያነሰው» የሚሉህን ሰዎች ቢያንስ በዚህ ፍጥነት አትስማቸው። ግን ያንኑ 560 ፓስካል በቤንዚን ቁመት ለካው፤ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሳህኗ እስከ ጉሮሮው ድረስ ቤንዚኑ መውጣት ያለበት ከፍታ ደግሞ በጣም አጭር ነው፣ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ። በተለይ ጋዙ በትንሹ ተከፍቶ እኩል ሲያዝ ጉሮሮው ላይ ያለው መሳብ ደካማ ስለሚሆን ነፋሱ እንደ ልቡ ይጫወትበታል። ለዚህ ነው እኩል ስትይዝ የሚያስቸግርህ። ጋዙን ጥርቅም አድርገህ ስትከፍት መሳቡ ስለሚበረታ ምናልባት ሲሻልህ አይተህ ይሆናል፣ እስኪ አስታውስ።

ቱቦዋ ክፍት ሆና ነፋስ ውስጥ ስትንጠለጠል የሚሆነው ነገር እንደ አፏ አቅጣጫ ይለያያል። አፏ ወደ ፊት ከዞረ ነፋሱ ይገባና ሳህኗን ይጫናታል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ነፋሱ በአፏ ላይ አቋርጦ ካለፈ ደግሞ ይስባታል፣ እየሄደ ያለ መኪና መስኮት ትንሽ ስትከፍትለት የሲጋራው ጭስ ወደ ውጭ እንደሚሳበው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤንዚን ያንሳል። ያንተ ይሄኛው ይመስላል፣ «ቤንዚን እንዳለቀበት» ብለሃልና።

የቤይ ብሪጁ ነገርማ ይበልጥ ያሳምነኛል። ያ ድልድይ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ከታች ባሕር፣ ከጎን የሚጋርድ ነገር የለም፣ ነፋሱ በጎን ነው የሚመታህ። እንዲህ ባሉ ባለ አራት ሲሊንደር ባይኮች ላይ ሁለት መተንፈሻ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ሁለቱን ካርቡሬተሮች፣ ሌላዋ የቀሩትን ሁለቱን ታስተነፍሳለች። የጎን ነፋስ ሲመጣ የግራዋ የምታየው ግፊት ሌላ፣ የቀኟ ሌላ። ሁለት ሲሊንደር ቤንዚን ሲያንሰው ሁለቱ ሲበዛበት፣ ያ ሞተር ምን ይሁን? መንገጫገጭ ነዋ። ከትልቅ መኪና ኋላ ስትጠጋስ? እዚያ ነፋሱ ይዞራል፣ ይበጣጠሳል። እዚያም ካስቸገረህ ያው ነገር ነው።

ጋራዡ ደግሞ አልዋሸህም። ዳይኖ ላይ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ባይኩ አይንቀሳቀስም። ከፊት የሚያቆሙት ቬንትሌተር ራዲያተሩን ያበርድ እንደሆነ ነው እንጂ የ110 ነፋስ አያመጣልህም። ነፋስ በሌለበት ክፍል የነፋስ በሽታ አይገኝም።

እኔን ግን በጭፍን አትመነኝ፣ ራስህ ፈትሽ። ፈተናው ቀላል ነው፣ የሚያስፈልግህ ጭር ያለ መንገድና ጥንቃቄ ብቻ ነው። መጀመሪያ በስድስተኛ ማርሽ ችግሩ በሚመጣበት ፍጥነት ላይ የዙር መለኪያው ስንት እንደሚል አይተህ ያዝ። ቀጥሎ በሦስተኛ ማርሽ በዚያው ዙር ሂድ፣ ፍጥነትህ ብዙ ይቀንሳል። ቢቻል ትንሽ ዳገት ይሁን፣ ሞተሩ ጭነት እንዲያገኝ። በዚያው ዙር በዝግታ ሲሄድ ካልተንተፋተፈ ችግሩ ከዙሩ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ጋር ነው የሚመጣው፣ ማለትም ከነፋሱ። በሦስተኛም እዚያው ዙር ላይ ከተንተፋተፈ ግን የኔ ትንታኔ አይሠራልህም፣ ወደ ጂግለርና ወደ መብራቱ መስመር ተመለስ።

ሌላም ምልክት አለ። እየሄድክ ታንኩ ላይ ተኛ፣ ጉልበትህን ወደ ታንኩ ሰብስብ፣ ከዚያ ደግሞ ቀና በል። በሰውነትህ አቀማመጥ ሞተሩ ከተቀየረ ምን ትፈልጋለህ? ካንዴላ የአነዳድህን አቀማመጥ አያውቅም።

አንድ ግን መለየት ያለብህ አለ። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ሲደፈንም ልክ እንዲህ «ቤንዚን አለቀ» ያሰኛል። እሱ ግን በነፋስ አይመጣም አይሄድም። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ቀስ እያለ ይደክምና ይጠፋል፣ ቆመህ ክዳኑን ስትከፍት «ፍስስ» ይልና ከዚያ ይነሳል። ፌሪንግ ሲወልቅ ታንክም ስለሚነሳ የክዳኑ ቱቦ ተጣጥፎ ታንክ ስር ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፣ እያየህ እለፍ።

ወደ መፍትሔው ልግባ። ከሁሉ የሚሻለው የራም ኤሩን ቱቦዎች መልሶ መግጠም ነው። ፌሪንጉ ባይኖርም ሁለቱን ቱቦዎች ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች አግኝተህ ከመብራቱ ግራና ቀኝ በብረት ቁራጭ አስይዛቸው። ውበቱ ለአንዳንድ ሰው አይዋጥለት ይሆናል፣ እኔ ግን የተቆጡ ቀንዶች መስለው ሲወጡ ደስ ይለኛል። ከዚያ መተንፈሻዎቹን በጥገና መመሪያው ላይ ወደተሳሉበት ቦታ መልሳቸው። አለቀ፣ ሞተሩ ፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ያስባል።

ቱቦ አልፈልግም፣ ንጹህ ራቁት ባይክ ነው የምፈልገው ካልክም መንገድ አለ። ያኔ ዓላማህ ሳህኖቹና የአየር ሳጥኑ አንድ ዓይነት አየር እንዲያዩ ማድረግ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች በቲ መገጣጠሚያ አንድ አድርጋቸውና ወደ አየር ሳጥኑ ግድግዳ አስገባቸው። ቀዳዳውን ከሳጥኑ መግቢያ አፍ ራቅ አድርገው፣ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው። አንድ ስለሆኑ የጎን ነፋስ ግራና ቀኙን አይለያይም፣ ከሳጥኑ ጋር ስለተገናኙም ሳጥኑ ሲጫን አብረው ይጫናሉ። ሳጥኑን መብሳት ካልፈለግክ በጊዜያዊነት ሁለቱን እኩል ቆርጠህ፣ ወደ ላይ አውጥተህ፣ ታንኩ ስር ነፋስ በማይደርስበት መሀል ቦታ አስራቸውና ጫፋቸው ላይ ቁራጭ የፊልትሮ ስፖንጅ አድርግ። ለፈተናም ይሄ ይበቃል፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን አድርገህ ሀይዌይ ስትወጣ ግማሹ እንኳ ከቀለለልህ መንገዱን አግኝተሃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ወጥመድ አለች። ቱቦዋ ከካርቡሬተሩ ወጥታ ወደ ታች ታጥፋ እንደገና ወደ ላይ አትውጣ። እዚያች እጥፋት ውስጥ ቤንዚን ወይ የዝናብ ውሃ ይተኛል፣ ጠብታዋ መተንፈሻውን እንደ ቡሽ ትደፍነዋለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ደህና ይሄድና ይጠፋል፣ ቆመህ ስትነካካው ጠብታዋ ትወርዳለች፣ ደህና ይነሳል፣ አንተም በሽታውን ሳታገኘው ሌላ ካርቡሬተር ልትገዛ ትነሳለህ። ቱቦው ያለ እጥፋት ቀጥ ብሎ ይውጣ። ጫፏን ደግሞ በብሎን ደፍነህ «አስተካከልኳት» እንዳትል፣ እንዲህ ያደረገ ሰው አይቻለሁ። ከሳህኑ በታች የሚወርደው ቱቦ ግን የትርፍ ቤንዚን መውረጃ ነው፣ እሱን ከሳጥኑ ጋር አታገናኘው፣ ወደ መሬት ይውረድ፣ ጫፉም ከማርሚታው የራቀ ይሁን።

የዴንቨሩ ጓደኛህ ለራሱ ልክ ነው። እሱ ያለበት ከተማ ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ካርቡሬተሩ ደግሞ ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል። ትንሽ ጂግለር አስገባ፣ ዳነ። አንተ ሜሪላንድ ነህ፣ ከባሕሩ ጋር እኩል። የእሱን ጂግለር ብታስገባ ቤንዚን አሳንሰህ የባሰ ታደርቀዋለህ። ትልቅ ብታስገባስ? ያኔ በ110 ትንሽ ይሻልህና ከተማ ውስጥ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የቤንዚን ሽታ ይከተልሃል። ጂግለር ቁጥሩ አይንቀሳቀስም፣ ነፋስ ግን በየደቂቃው ይቀየራል። የሚቀያየርን ነገር በማይቀያየር ነገር ማስተካከል አይቻልም። መተንፈሻው ተስተካክሎ፣ ባይኩ በነፋስም ያለ ነፋስም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከዚያ ካንዴላው ነጣ ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ጂግለር እናወራለን። እስከዚያ ደግሞ በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አትሂድበት፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ከበዛ ፒስተን ይበላል።

ደግሞ ሁሉንም ነገር በመተንፈሻ አናላክክ። ፌሪንግ ስታወልቅ ሞተሩ ባይታመምም ሥራው ይጨምራል። ለምሳሌ ያህል ሒሳቡን እንየው። ፌሪንግ ያለው ባይክ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ከነባይኩ 0.35 ካሬ ሜትር ያህል የነፋስ መቋቋም አለው እንበል፣ ራቁት ባይክ ላይ ቀና ያለው ደግሞ 0.55። በ110 የመጀመሪያው ነፋሱን ለመቅደድ 8 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃዋል፣ ሁለተኛው ከ12 ያልፋል። በ160 ደግሞ 25 እና 39። ሞተርህ ከ100 ፈረስ በላይ አለው፣ ስለዚህ አቅም አያጣም፣ ግን እኩል ፍጥነት ለመያዝ ድሮ ከምትከፍተው በላይ ጋዝ ትከፍታለህ፣ ቤንዚንም በዚያው ልክ ይበላል። ከፍተኛ ፍጥነቱም ይወርዳል። ይሄ በሽታ አይደለም፣ በጂግለርም በማርሚታም አይድንም፣ መካኒክ ካለህም አታስቸግረው።

የምትስበው አየር ሙቀትም አለ። አፍንጫው ሲወልቅ የሳጥኑ መግቢያ አንዳንዴ ከራዲያተሩ ኋላ የሚወጣውን ትኩስ አየር መጠጣት ይጀምራል። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀላል፣ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። በዝግታ ስትሄድና ትራፊክ ላይ ስትቆም ነው የሚሰማህ። ከቀጭን አልሙኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋሻ ቆርጠህ በራዲያተሩና በሳጥኑ አፍ መሀል ብታስገባ ይበቃል። የራዲያተሩን ጎንና ጎን የሚሸፍኑት ጥቁር ፕላስቲኮች ከወለቁም መልሳቸው፤ ጌጥ አይደሉም፣ አየሩ ራዲያተሩን ሳይነካ በጎን እንዳያመልጥ ነው የተቀመጡት።

መብራት ሲቀየር ደግሞ ሽቦ ይቆረጣል። አዲሱን ክብ መብራት ሲያስገቡልህ የምድር ሽቦው የት እንደታሰረ አይተሃል? የድሮው ፌሪንግ ይዞት የነበረው ብረት ላይ ታስሮ ከነበረና ያ ብረት ከወጣ፣ አሁን በዕድል ነው የሚሄደው። መሪውን ግራ ቀኝ እስከ መጨረሻ እያዞርክ ሚኒሞ ላይ ስማው፣ ዙሩ ከተለወጠ ሽቦ እየተሳበ ነው። ዝናብም አትርሳ፣ ከፊት ጎማ የሚረጨው ውሃ አሁን ቀጥታ ቦቢናና የካንዴላ ቆብ ላይ ነው የሚያርፈው። በደረቅ ቀን ደህና ሆኖ በዝናብ ቀን ብቻ አንድ ሲሊንደር ከጠፋ እዚያ ፈልግ።

ፋብሪካዎች ራሳቸው የስፖርት ሞተር ወስደው ራቁት ባይክ ይሠራሉ አይደል እንዴ? ይሠራሉ። በ1998 የወጣውን የሆንዳ ሆርኔትንና የያማሃ ፌዘርን አስብ፣ ሁለቱም ሞተራቸውን ያገኙት ከስፖርት ዘመዶቻቸው ነው፣ ሁለቱም ባለ ካርቡሬተር ናቸው፣ ሆርኔትማ ጭራሽ ፌሪንግ የለውም። አይንተፋተፉም። ምክንያቱም የአየር ሳጥኑም፣ ካርቡሬተሩም፣ መተንፈሻውም ለዚያ አነዳድ እንደገና ተሠርቷል። አንተ ፕላስቲኩን ብቻ ነው ያወለቅከው። ኢንጄክሽን ያለው ባይክ ላይ ፌሪንግ የሚያወልቁ ሰዎች ብዙ የማይቸገሩትም ቤንዚኑ በፓምፕ ግፊት ስለሚረጭና ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊትና ሙቀት በሴንሰር እያነበበ ስለሚያስተካክል ነው። እነሱ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፣ ከፌሪንጉ ብረት ጋር አብሮ የወጣ ሴንሰር። ባይኩ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ሴንሰር ተንጋዶ ከታሰረ ለምሳሌ ጭራሽ አይነሳም።

መተንፈሻዎቹን አስተካክለህ በነፋስ ጊዜ አሁንም ትንሽ ከቀረበት ቀጣዩ የማየው የካርቡሬተሮቹን ላስቲክ ነው። ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፈትተህ ስላይዱን (ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን ዕቃ) ከነቀጭኑ ላስቲክ አውጣውና በባትሪ ብርሃን ላይ ዘርጋው። የዚያ ዘመን ባይክ ነው፣ ላስቲኩ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ስንጥቅ ካላት ብርሃኑ ያሳይሃል። ሲታጠብ በጠንካራ ኬሚካል ነክረውት ከነበረም ያብጥና ቦታው ላይ አልገባ ይላል። አራቱንም እይ፣ አንዱ ከተቀደደ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም። ስትመልሰው ላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ ዙሪያውን መቀመጡን በጣትህ እየዳበስክ እርግጠኛ ሁን፣ ከዚያ ነው ክዳኑን የምትዘጋው።